«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ድሬዳዋ ላይ ታኅሣሥ ሲገባ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ጉዞ መዋጮ ይጀመራል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባው፣ የሰፈር ልጁ፣ የማኅበር አባሉ ተሰባስቦ መኪና ይከራያል። መሀል ላይ አንዱ «እኔ ዘንድሮ ለብቻዬ ብሄድ ይሻለኛል» ካለ መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ ተው አቦ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

አንዱን የሚያጎብጥ ነገር ብዙ ሰው ሲካፈለው ይቀላል ማለት ነው። ለደቦ፣ ለዕድር፣ ለሠርግ፣ ለታማሚ ገንዘብ ሲሰበሰብ ይነገራል። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ግን ለምን ሎሚ? እንጨት ቢሆን ለሃምሳ ሲከፋፈል ይቀላል እንጂ ጌጥ አይሆንም። ሎሚ ግን መዓዛ አለው። ሽቶ እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ሎሚ ይዞ እያሸተቱ መሄድ ወግ ነበር። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ፍሬ ይበቃል። ሃምሳውን የታቀፈ ሰው አንዱንም አያሸት፣ አንዱንም አይወረውር፤ እጁ ተይዟል። እውነቱን ለመናገር ሃምሳ ሎሚ ወገብ አይቆርጥም፤ ሸክም ነው ብንላቸው የድሬ አትክልት ነጋዴዎች ይስቁብናል። ሸክም ያደረገው ክብደቱ ሳይሆን ትርፍነቱ ነው።

ቁልቢ ከድሬዳዋ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱ ከቆላው ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። ሆዱ የተገለባበጠበት መንገደኛ «ሎሚ የያዘ አለ?» ብሎ ሲጮህ አባባሉ ቃል በቃል ይሠራል። ታኅሣሥ 19 ቀን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ልጅ የሚይዝልህ፣ ሻንጣ የሚጠብቅልህ፣ ስንቁን የሚያካፍልህ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የማልወደው አባባሉን ሰው መጎተቻ ሲያደርጉት ነው። አንድ ላይ ካልተበላ፣ አንድ ላይ ካልተዞረ፣ አንድ ላይ ካልተመለሰ ኩርፊያ! ለዚህ ከሆነ ሌላ ተረት አለላቸው፤ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ብለው ያስፈራሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውም ይሆናቸዋል፤ እዚያ ድሩ ሲገመድ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ሎሚው ግን ሃምሳ ሰው እጅ ውስጥ ገብቶም እዚያው ሃምሳ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይዟል፣ ሲፈልግ ያሸታል፣ ሲፈልግ ኪሱ ይከተዋል።

ደግሞም ቁልቢ ላይ የማይካፈሉት ሸክም አለ፤ ስለት። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ምእመን ታያላችሁ። ጓደኛው አዝኖ «አምጣ ላግዝህ» ቢለው እሺ አይልም። መኪና እያለ በባዶ እግሩ የሚመጣም አለ። ይህን ሰው «ምነው ተገነጠልክ?» ማለት ነገሩን አለማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የተሠራው ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በተሳሉት ስለት እንደሆነ ይነገራል። አብሮ የዘመተው ሠራዊት ብዙ ነበር፤ ስለቱ ግን የእሳቸው።

ከቁልቢ መልስ ብዙው ቡድን ሐረር ይገባል። ጸቡ የሚጀመረው እዚህ ነው። አንዱ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን የድሮውን ከተማ፣ ቀስ ብሎ ማየት ይፈልጋል፣ ሌላው ቶሎ ድሬ ወርዶ ታይዋን ገበያ መግባት፣ ሦስተኛው ማታ የጅብ ትርዒት ካላየሁ ይላል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጁገል መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጨ አይተላለፍም። ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሲገባበት የፊተኛው ያየውን የኋለኛው አያይም፣ የሰፈሩ ሰውም መውጫ ያጣል። ነገሩ የገባው አስተባባሪ «በአሥር ሰዓት ሸዋ በር እንገናኝ» ብሎ ይበትናቸዋል። መዋጮው ለመኪናው ነው እንጂ ለእግራቸው አልተከፈለም። ያረፈደውን ግን አሥር ደቂቃ ጠብቆ ጥሎት ይሂድ፤ ወደ ድሬ የሚወርድ ሚኒባስ ሞልቷል።