«አባቴ አይወደኝም»፦ ስለ አባት ፍቅር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ከአብሮ አደጎቼ ጋር ቡና ይዘን ስለ አባቶቻችን ስናወራ የማይጠፉ አንዳንድ አባባሎች አሉ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት በአንድ ምክንያት ነው። ስለ አባታችን በተሳሳትን ቁጥር «አባታችን ሆይ» ስንልም እንሳሳታለን።

«አባቴ አንድም ቀን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ አይወደኝም»

እኔም እንደዚህ አስብ ነበር። አባቴ ወሬ አያበዛም። ከሥራ ሲመጣ እጁን በኦሞ ፈትጎ ይታጠባል። ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ ግን አይለቅም። እራቱን በልቶ፣ ዜና ሰምቶ ይተኛል። በቃ።

የግንቦትን የድሬ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ፍራሽ አውጥተን ግቢ እንተኛለን። አንድ ሌሊት ደስ የሚል ነፋስ ፊቴን ነካኝና ነቃሁ። ነፋስ አልነበረም። አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ በካርቶን ቁራጭ እያራገበልን ነው። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ወንድሜ። እንቅልፍ ያዳፋዋል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ብንን ይላል። እጁ ግን አያርፍም። ሲነጋ እንደ ወትሮው ሥራ ሄደ። ስለዚያ ሌሊት ምንም አላለም። እኔም አይቼሃለሁ አላልኩትም።

ጌታን በአባት ወግ የጠበቀው አረጋዊው ዮሴፍም እንዲሁ ነው። በአራቱም ወንጌላት ውስጥ ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። ማቴዎስ የሚነግረን ያደረገውን ብቻ ነው። ተነሣ፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሄደ።

ይህን ስል ግን አባቶች ዝም ይበሉ ማለቴ አይደለም። በዮርዳኖስ የሰማዩ አባት «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ያለው በሰው ፊት ነው። ያውም ልጁ ማስተማር ሳይጀምር። እናንተም ለልጆቻችሁ በሏቸው። ልጅ ሲሰማው ደስ ይለዋል።

«ቤት የማይውል አባት ልጁን ረስቷል»

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር መስመር ነበር፤ ባቡር ሐዲድ ሳተ ከተባለ አባቴ ለቀናት አይመጣም። ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚያየው ደብተሬን ነበር። ጥሎ የሚጠፋና ለቤቱ ብሎ የሚርቅ አባት አንድ አይደሉም።

«የሚወድ አባት ይመታል፤ መጽሐፉም ይላል»

ምሳሌ 13፥24 ላይ ያለውን የበትር ቃል ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ቆላስይስ 3፥21ን ግን በቃሉ የሚያውቅ ብዙ አላጋጠመኝም። «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ይላል። ቃሉ የተነገረው ለአባቶች ነው፤ የሚጠነቀቅለት ደግሞ ለልጁ ልብ ነው። ተግሣጽ ልጁን ያቀናል። በንዴት የተነሣ ቀበቶ ግን የሚያወጣው የአባትየውን ንዴት ነው። የአባቱን የእግር ኮቴ ሲሰማ የሚደበቅ ልጅ እግዚአብሔርንም እየተደበቀ ያድጋል። እንደዚህ ያደጉ ሰዎች አውቃለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሆነው እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጥግ ፈልገው ነው የሚቆሙት።

«እግዚአብሔር አባት ነው ከተባለ እንደ አባቴ ነዋ»

ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። አብራኝ የተማረች ልጅ አለች። አባቷ ከሰዓቱን በጫት፣ ማታውን በመጠጥ ያሳልፍ ነበር፤ በኋላም ጥሏቸው ሄደ። መታወቂያዋ ላይ ስሙ አለ፣ እሱ የለም። ጸሎት ላይ «አባታችን ሆይ» ሲባል አፏ እንደሚያያዝ ነገረችኝ። «በሰማያት የምትኖር» ከሚለው ነው አብራን የምትጀምረው።

ምን ልበላት? እንደ ሌሎቹ «አባት መቼም አባት ነው» አላልኳትም። ያቆሰላትን ሰው አቃልዬ ማለፍ ይሆንብኛል። አብረን ማቴዎስ 7ን አነበብን። ጌታ «ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ «እናንተ ክፉዎች ስትሆኑ» መልካም መስጠት ካወቃችሁ፣ የሰማዩ አባታችሁ «እንዴት አብልጦ» ይላል። እኩል አላደረጋቸውም። በምድር ያለው አባት ጥሩ የሆነ ቀን እንኳ ከሰማዩ አባት በጣም ያንሳል፤ ክፉ የሆነ ቀን ደግሞ ጭራሽ እሱን አይመስልም። መዝሙረኛውም ቢሆን ወላጅ ትቶ እንደሚሄድ አልካደም። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ብሏል። እሷ ይህን ስታነብ አለቀሰች። አሁንም አንዳንዴ አፏ ይያዛል፤ አንዳንዴ ግን ከመጀመሪያው አብራን ትላለች።

«አባት ልጁን የሚቀበለው ይቅርታ ሲጠየቅ ነው»

ሉቃስ 15ን እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የጠፋው ልጅ መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቷል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው። አባቱ ጋ ሲደርስ ግን ይህቺን አላላትም። ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አይቶት፣ ሮጦ አንገቱን አቅፎ ስሞታል። እኛ አገር ትልቅ ሰው በአደባባይ ሲሮጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እሱ ግን ሮጠ።

«ለቁልቢ ስለቴን አስገብቻለሁ፤ ለአባቴም ተዝካሩን አወጣለታለሁ»

ስለት መልካም ነው። እኔም በስለት የተገኘሁ፣ ቁልቢ ገብርኤል ክርስትና የተነሣሁ ልጅ ነኝ። አባቴ ለእኔ የተሳለውን ሊያስገባ ከድሬ በእግሩ ሄዷል። ግን በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጸው ምን እንደነበር እናስታውስ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ብለው የሚያስቀሩትን ነው። አባቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሳይገዛለት ቁልቢ ላይ ትልቅ ጥላ የሚያስገባ ሰው ያሳዝነኛል። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይባል የለ? ተዝካሩ በኋላ ይደርሳል።

ባለፈው ታኅሣሥ 19 አባቴ አሞት ስለነበር ቁልቢ አልሄድኩም። ጠዋት ቁርሱን አበላሁት። ከዚያ በረንዳው ላይ እግሩን በሳፋ ውሃ ነክሬ የእጁን ጥፍር ቆረጥኩለት። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጥፍሩ ንጹሕ ሆኗል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥግ ላይ ብቻ ጥቁር መስመር አለች። በሎሚ አሸኋት፤ አልለቀቀችም። «ተያት አቦ» አለኝ።