ፕላሴቦ ምንድን ነው? የእናቴ ጉልበትና የጨው ውሃ መርፌ

ቤታችን ጅማ፣ ጅሬን ዳገት ላይ ነው። ጎረቤታችን ጉልበታቸውን ተወግተው በሳምንቱ ሂርማታ ገበያ ደርሰው መጡ፤ ዳገቱንም ባጃጅ ሳይዙ በእግራቸው ወጡት። እናቴ ይህን ካየች ወዲህ «እኔንም አስወጋኝ» ትላለች። ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ ይገትራታል፣ ቁልቁለት መውረድማ ጭንቅ ነው። ሕመሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ መሀል ላይ ያለው ካርቲሌጅ እየሳሳ የሚሄድበት ነው።

መርፌው ግን ይሠራል ወይ? ፕላሴቦ የሚያስፈልገው ይህን ለመለየት ነው። መድኃኒት ይመስላል፣ መድኃኒቱ ግን የለበትም። በጉልበት መርፌ ጥናት ብዙ ጊዜ ንጹሕ የጨው ውሃ ነው። ሰዎቹ በዕጣ ይከፈላሉ፤ ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ የጨው ውሃውን ይወጋል፣ የቱ እንደደረሰው ግን ማንም አይነገረውም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ሰውን በውሃ ማታለል አይደለም እንዴ?» አይደለም እማዬ። የጨው ውሃ ሊደርሳቸው እንደሚችል አስቀድመው ሰምተው፣ ፈርመው ነው የሚገቡት።

የሚገርመው፣ በጨው ውሃውም ብዙ ሰው ይሻለዋል። የጉልበት ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል፤ ሰው ደግሞ ሐኪም ጋ የሚሮጠው ሲብስበት ስለሆነ ምንም ባይወጋም ቀስ በቀስ መለስ የሚልለት ጊዜ ይመጣል። ይሻለኛል ብሎ ማመንም ሕመም ያስታግሳል። የሚሰማው እፎይታ የምር ነው፣ ማስመሰል የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 288 ሰዎችን ይዞ ፒአርፒን፣ ማለትም ከራስ ደም ተዘጋጅቶ የሚወጋውን፣ ከጨው ውሃ ጋር አወዳደረ። ከዓመት በኋላ ሕመሙ ከ10 ነጥብ በፒአርፒ 2.1፣ በጨው ውሃ 1.8 ቀነሰ። በቃ ይኼው ነው! ያ የጨው ውሃ ቡድን ባይኖር ሁሉም «2 ነጥብ ቀነሰ» ብሎ ገንዘቡን ያፈስበት ነበር።

ስቴሮይድም፣ ማለትም እብጠትና ሕመም ለማብረድ የሚወጋው መድኃኒት፣ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎች በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ተወጉ፤ ሕመም በማስታገስ መድኃኒቱ ከጨው ውሃ አልበለጠም፣ ካርቲሌጁ ግን ስቴሮይድ በተወጉት ላይ ይበልጥ ሳሳ። ለጥቂት ሳምንታት ማስታገሱን የሚያሳዩ ሌሎች ጥናቶች አሉ፤ እኔን የሚያስፈራኝ መመላለሱ ነው።

እናቴን አትወጊ አላልኳትም። ሐኪሟን «የምትወጉኝ የቱን ነው? ስንት ጊዜ? ከጨው ውሃስ በምን ይበልጣል?» ብላ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ። ማክሰኞ አብሬያት እሄዳለሁ።