ነጥብ የማይሰጥበት በረዶ፦ የዩዙሩ ሃንዩ ከውድድር መሰናበትና አድናቂዎቹ

ጃፓናዊው የፊገር ስኬቲንግ ባለሙያ ዩዙሩ ሃንዩ ጁላይ 19 ቀን 2022 ቶኪዮ ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ከእንግዲህ በውድድር እንደማይሳተፍ አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 27 ነበር። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ሁለት የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫና እሱ ራሱ ደጋግሞ የሰበራቸው የነጥብ ክብረ ወሰኖች ነበሩት። ዜናው በዓለም ዙሪያ «ሃንዩ ተሰናበተ» ተብሎ ተነገረ። እሱ ግን ፕሮፌሽናል አትሌት ሆኖ በረዶ ላይ እንደሚቀጥል ነበር የተናገረው። አድናቂዎቹ ቃሉን እንዴት እንደተቀበሉትና ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ለመረዳት፣ ይህ ስፖርት ስንብትን ከሌሎቹ በተለየ መንገድ የሚያስተናግድ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

እግር ኳስ ተጫዋች ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደጋፊው የሚያገኘው በአሰልጣኝነት ወይም በቴሌቪዥን ተንታኝነት ነው። ሲጫወት የሚያየው የለም። ፊገር ስኬቲንግ ግን ዝላይን፣ ሽክርክሪትንና ውዝዋዜን ከሙዚቃ ጋር አዋህደው የሚያቀርቡት በመሆኑ፣ ዳኞቹ ቢነሱለትም የሚቀር ነገር አለው። ኖርዌያዊቷ ሶንያ ሄኒ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 የኦሊምፒክ ወርቅ ከወሰደች በኋላ ፕሮፌሽናል ሆና አሜሪካ ተሻገረች፤ በበረዶ ትርኢትና በሆሊውድ ፊልሞችም ከውድድር ዘመኗ የበለጠ ዝና አገኘች። በዚያ ዘመን ለትርኢት ገንዘብ የተቀበለ ሰው ወደ ኦሊምፒክ መመለስ አይችልም ነበር። ደንቡ የላላው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ጀርመናዊቷ ካታሪና ዊት በ1994ቱ የሊልሃመር ኦሊምፒክ ዳግም ለመወዳደር የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

አድናቆቱ የተገነባበት መንገድ

ሃንዩ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በምትገኘው በሴንዳይ ከተማ በ1994 ነው። የሚለማመድበት የበረዶ ሜዳ በገንዘብ እጥረት በ2004 ተዘግቶ ነበር። በዚያው ሜዳ ያደገችው ሺዙካ አራካዋ በ2006 በቶሪኖ የኦሊምፒክ ወርቅ አሸንፋ ስለ ሜዳው ከወተወተች በኋላ በ2007 ተከፈተ። መጋቢት 2011 ላይ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የ16 ዓመቱ ሃንዩ እዚያው ልምምድ ላይ ነበር፤ የስኬቲንግ ጫማውን እንደተጫማ ወደ ውጭ ሮጠ። ሜዳው እንደገና በመዘጋቱ በዚያ ዓመት በየከተማው በሚካሄዱ የበረዶ ትርኢቶች እየተዘዋወረ ልምምዱን በመድረክ ላይ አደረገ። ቤቱን ጥሎ ወደ መጠለያ የሄደ ልጅ በሕዝብ ፊት ሲንሸራተት ያዩት ሰዎች ለእሱ የነበራቸው ስሜት ከስፖርት ደጋፊነት ያለፈ መሆኑ አያስገርምም። የዚህ አድናቆት ሥር ያለው በሜዳሊያዎቹ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ዓመት ውስጥ ይመስለኛል።

በ2012 ወደ ካናዳ ተሻግሮ ቶሮንቶ ውስጥ በብራያን ኦርሰር መሰልጠን ጀመረ። በ2014 በሶቺ፣ በ2018 ደግሞ በፒዮንግቻንግ ወርቁን አነሳ። በወንዶች ነጠላ ውድድር ሁለት ተከታታይ ወርቅ ሲገኝ አሜሪካዊው ዲክ በተን በ1952 ካሳካው ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ 66 ዓመት አልፏል። በ2015 ናጋኖ ላይ 322.40 ነጥብ በማስመዝገብ ከ300 በላይ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ባርሴሎና ላይ 330.43 አደረሰው።

ቁጥሮቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። አድናቂዎቹ አብዝተው የሚያወሩት ግን ከውድድር በፊት ስላሉት ስድስት ደቂቃዎች ነው። በፊገር ስኬቲንግ ተወዳዳሪዎች እስከ ስድስት እየሆኑ በምድብ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ምድብ ውድድሩን ከመጀመሩ በፊት በአንድነት ወደ በረዶው ገብቶ ለስድስት ደቂቃ ያሟሙቃል። በኖቬምበር 2014 ሻንግሃይ ላይ በዚህ ማሟሟቂያ ሃንዩና ቻይናዊው ሃን ያን በሙሉ ፍጥነት ተጋጩ። ሃንዩ ራሱንና አገጩን በፋሻ ታስሮ ተመለሰ፤ አምስት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለተኛም ወጣ። ጀግንነት ያሉት ብዙ ናቸው። በራሱ ላይ ጉዳት የደረሰበት ወጣት እንዲወዳደር መፈቀድ አልነበረበትም ያሉም አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ያም ሆነ ይህ፣ ያንን ቀን ያየ አድናቂ ከዚያ ወዲህ ስድስቱን ደቂቃ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚጠብቀው።

ቢጫው ዝናብ

ሃንዩ ነጥቡን በሚጠብቅበት ወንበር ላይ ዊኒ ዘ ፑ በተባለው ቢጫ ድብ ቅርጽ የተሠራ የሶፍት መያዣ ከጎኑ ማስቀመጥ ያዘወትር ነበር። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ልማድ ተፈጠረ፦ ሙዚቃው ሲያበቃ ከየወንበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፑ አሻንጉሊቶች ወደ በረዶው ይወረወራሉ። በረዶው ነጭነቱን አጥቶ ቢጫ ይሆናል። አሻንጉሊቱን የሚሰበስቡት ለዚሁ የተመደቡ ትንንሽ ስኬተሮች ናቸው፤ በክንዳቸው የሚያቅፉት ሞልቶ አንዱን ሲያነሡ ሌላው ይወድቅባቸዋል፤ ቀጣዩ ተወዳዳሪም እስኪጸዳ ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ለዚያ ተወዳዳሪ ቀላል ፈተና አይደለም። በፊገር ስኬቲንግ አሻንጉሊትና አበባ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ ደንቡም አለው። የወደቀች አንዲት የአበባ ቅጠል የሌላውን ተወዳዳሪ የጫማ ስለት ልትይዝና ልትጥል ስለምትችል እቅፍ አበባ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚወረወረው።

ከሜዳው ውጭ ደግሞ ጉዞ አለ። «ሴይሜ» የተባለው ዝነኛ ፕሮግራሙ (ለውድድር በሙዚቃ የተቀናበረ የበረዶ ላይ ትርኢቱ) በጥንታዊው ጠቢብ በአቤ ኖ ሴይሜ ታሪክ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አድናቂዎቹ በኪዮቶ የሚገኘውን የሴይሜ መቅደስ ይሳለማሉ። ኮቤ ውስጥ ስሙ ከእሱ ስም ጋር የሚቀራረብ ዩዙሩሃ የተባለ መቅደስ አለ፤ እዚያም በትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ ስለ ጤናውና ስለ ዝላዩ ምኞታቸውን ጽፈው ይሰቅላሉ። ሴንዳይ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ለእሱና ለአራካዋ ያቆመችው መታሰቢያ አላት።

ቤጂንግና ስንብቱ

በፌብሩዋሪ 2022 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሃንዩ ሦስተኛ ወርቁን ፍለጋ መጣ። ከውድድሩ ሁለት ክፍሎች የመጀመሪያ የሆነውን አጭሩን ፕሮግራም በፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ በሴን ሳንስ ሙዚቃ ጀምሮ ለመጀመሪያው ባለ አራት ዙር ዝላይ ሲነሣ፣ ስለቱ ሌላ ስኬተር በረዶው ላይ በተወው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። አራቱ ዙር አንድ ሆኖ ቀረ፤ ስምንተኛ ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ በረጅሙ ፕሮግራም ማንም በውድድር ያላሳካውን ባለ አራት ዙር አክስል ሞከረ። አክስል ፊት ለፊት የሚነሡበት ብቸኛ ዝላይ ስለሆነ ግማሽ ዙር ይጨምራል፤ አራት ሲባል አራት ከግማሽ ነው። ወደቀ፤ ዙሩም ትንሽ ጎድሎት ነበር። ሆኖም በዓለም አቀፍ ውድድር በዚያ ስም የተመዘገበ የመጀመሪያው ሙከራ ሆነ። በአራተኛነት አጠናቀቀ። ዝላዩን በንጽህና ያሳካው አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ሲሆን፣ ያም የሆነው ሃንዩ ከተሰናበተ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አድናቂው የሚሰናበተው ምንን እንደሆነ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከሃንዩ በፊት ጃፓናዊቷ ስኬተር ማኦ አሳዳ በሶቺ ኦሊምፒክ ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ 16ኛ ሆና፣ በማግስቱ የሕይወቷን ምርጥ ረጅም ፕሮግራም አቅርባ ስድስተኛ ወጥታ ነበር። በ2017 ከውድድር ስትሰናበት ጃፓናውያን ከሜዳሊያዋ ይልቅ ያንን ስድስተኛነት ነበር ያነሡት። ከ2018 እስከ 2021 ባካሄደችው የምስጋና ጉዞ አገሪቱን ስትዞርም ተከትለዋታል። ደቡብ ኮሪያዊቷ ስኬተር ዩና ኪም ግን በ2014 በሴኡል የስንብት ትርኢት አቅርባ ዘጋች፤ አድናቂዎቿም መዝጊያውን አከበሩ።

ሃንዩ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ። በተሰናበተ በወሩ የልምምድ ሰዓቱን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ። በኖቬምበር ዮኮሃማ ላይ ሌላ ስኬተር የሌለበት፣ ብቻውን የሚያቀርበውን «ፕሮሎግ» የተባለ ትርኢት ጀመረ። በመጋቢት 2023 ደግሞ በሚያጊ ክፍለ ሀገር፣ በአደጋው ጊዜ የአስከሬን ማቆያ ሆኖ ባገለገለው አዳራሽ ውስጥ የመታሰቢያ ትርኢት አዘጋጀ። «ኖቴ ስቴላታ» ይባላል፤ ስያሜው መብራት በጠፋበት በዚያ የመንቀጥቀጥ ሌሊት ያየውን በከዋክብት የተሞላ ሰማይ ያስታውሳል።

ፍቅሩ ክፉ ጎንም አለው። በኦገስት 2023 ማግባቱን አስታውቆ በኖቬምበር መፋታቱን ገለጸ። ምክንያቱን ሲናገር በባለቤቱና በሁለቱም ቤተሰቦች ላይ የደረሰውን ክትትል፣ ስም ማጥፋትና ያለፈቃድ የሚደረግ ዘገባ ጠቀሰ። የሰውን ሥራ መውደድና ሰውየውን የራስ አድርጎ መቁጠር ድንበራቸው በዚህ ስፖርት ከሌላው ይልቅ ቀጭን ነው።

በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2023 በቶኪዮ ዶም «ጊፍት» የተባለውን ትርኢት ለ35,000 ተመልካች አቀረበ። የቤዝቦል ስታዲየም ነው፤ በረዶ ተሠርቶ የስኬቲንግ ትርኢት ሲታይበት ያ የመጀመሪያው ነበር። በመሐል የውድድር ሰዓት የሚመስል ነገር ተጀመረ፦ የስድስት ደቂቃ ማሟሟቂያ። በረዶው ላይ ሌላ ሰው የለም፤ የሚጋጨው የለም፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። አዳራሹ ዝም አለ። ስድስቱ ደቂቃ ሲያበቃ የቤጂንጉ የሴን ሳንስ ሙዚቃ ተነሣ። ቀዳዳው የበላበትን ያንኑ ባለ አራት ዙር ዝላይ ዘለለ፤ በአንድ እግሩም አረፈ። ዳኛ አልነበረም፤ ነጥብም አልተነበበም።