ኮምፒውተራዊ ሰዋስዎችና የጋራ ስያሜ፦ የጅማ ሁለት ቋንቋዎች እንደ ማሳያ

ኮምፒውተራዊ ሰዋስው የአንድን ቋንቋ የቃላት ርባታና የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ኮምፒውተር ሊተነትነውና ሊያመነጨው በሚችል መልክ የሚያስቀምጥ የሕግጋት ስብስብ ነው። ሰዋስዉ ለአንድ ቋንቋ ብቻ እስካገለገለ ድረስ አዘጋጁ ምድቦቹን እንዳሻው ቢሰይም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የበርካታ ቋንቋዎች ሰዋስው አንድን ፕሮግራም ማገልገል ሲጀምር ግን ለአንድ ነገር ሁለት ስም ወይም ለሁለት ነገሮች አንድ ስም መስጠት ሥራውን ያፋልሳል። ጉዳዩ በጅማ ቅርብ ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በከተማዋ ገበያና መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለው የቃላት መተንተኛም ሁለቱን ከትግርኛ ጋር በአንድ ላይ ይዟል።

ለችግሩ ሁለት ዓይነት መፍትሔዎች ጎልተው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በግሮኖብል፣ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተጀመረው፣ ሰዋስው የሚጻፍበት ግራማቲካል ፍሬምወርክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ለሁሉም ቋንቋዎች የጋራ የሆነ ረቂቅ እርከን አበጅቶ የየቋንቋውን ዝርዝር ከሥሩ ያስቀምጣል፤ አማርኛም በዚሁ በተዘጋጁት ሰዋስዎች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ ደግሞ ሰዋስው ሳይሆን የተተነተኑ ዓረፍተ ነገሮች ስብስብ ሲሆን፣ 17 የቃል ክፍሎችንና በቃላት መካከል ላለው ዝምድና (እንደ ባለቤት፣ ተሳቢ) 37 ስሞችን ለሁሉም ቋንቋ ደንግጓል።

ፈተናው የሚጀምረው ከሙያ፣ ማለትም ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ ከሚያሳይ ቅርጽ ነው። «ነጋዴው ቡናውን ሸጠ» በሚለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ የሙያ ምልክት የለውም፤ «ን» የተቀጠለችው ተሳቢው ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ዳልዳላን ቡነ ጉርጉሬ» ሲባል ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ «ን» ባለቤቱ ላይ ትውላለች፣ ተሳቢው «ቡነ» ባዶውን ይቀራል። ይኸው ባዶ ቅርጽ ቃሉ ለብቻው ሲጠራም ሆነ በ«ነው» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የ«ነው» ማሟያ ሲሆን የሚያገለግል በመሆኑ፣ «አኩዘቲቭ» (የተሳቢ ሙያ) ብሎ ከአማርኛው «ን» ጋር አንድ ማድረግ ፕሮግራሙን ያሳስታል። የተሻለው፣ ዝምድናውን በሁለቱም ቋንቋ «ተሳቢ» ብሎ፣ የቅርጹን ስም ግን ለየቋንቋው መተው ነው። ግራማቲካል ፍሬምወርክ የሙያ ስሞችን በጋራው እርከን አለማስገባቱ፣ በእኔ ግምት፣ ከምርጫዎቹ ሁሉ ብልህ የሆነው ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ቅርጽ «ሸጦ»፣ «ሄዶ» የሚለው ነው። የእኛ የሰዋስው መጻሕፍት ቦዝ አንቀጽ ይሉታል፤ የውጭ ምሁራን ብዙ ጊዜ «ጀረንድ» ሲሉት ቆይተዋል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን ጀረንድ የሚባለው እንደ ስም የሚያገለግል ቅርጽ በመሆኑ ከ«ሄዶ» ይልቅ ለ«መሄድ» ይቀርባል። ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ «ኮንቨርብ» (ከዋናው ግሥ ጋር የሚያያዝ ጥገኛ የግሥ ቅርጽ) የሚል የተለየ ስም ስላለው አማርኛው ያለ ችግር ይስተናገድበታል፤ የቆየውን ስም ከመጽሐፍ እንዳለ የገለበጠ ግን የማይገናኙትን ያገናኛል።

የፋይል ስም ቀላል ቢመስልም የራሱ ጣጣ አለው። ግራማቲካል ፍሬምወርክ በየፋይሉ ስም መጨረሻ ባለሦስት ፊደል የቋንቋ መለያ ያስገባል። የአማርኛው አንድ ነው። አፋን ኦሮሞ ግን አይኤስኦ 639-3 በተባለው ዓለም አቀፍ የቋንቋ መለያዎች ደረጃ መሠረት አንድ የወል መለያ ያለው ሲሆን፣ በሥሩ ለምዕራብና መካከለኛው፣ ለምሥራቁ፣ ለቦረና፣ አርሲና ጉጂ እንዲሁም ለኦርማ የተለያዩ መለያዎች ተሰጥተውታል። የጅማው አነጋገር ከመጀመሪያው ይመደባል፤ ስለዚህ የጅማን አነጋገር የሚጽፍ አዘጋጅ የወሉን ወይስ የንዑሱን መለያ እንደሚጠቀም ከመጀመሪያው ፋይል በፊት መወሰን ይኖርበታል።