ኢም፦ በቸነፈር ዘመን በሯን የዘጋች አጥቢያ

ኢም በእንግሊዝ አገር በደርቢሸር፣ በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ የገጠር አጥቢያ ናት። ሕዝቧ 1,000 ገደማ ነው። በስተሰሜን የአሸዋ ድንጋይ ተረተር ተጋርጦባታል፤ ደቡቧ የኖራ ድንጋይ ሲሆን እርሳስ ሲወጣበት ኖሯል። በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል።

ኢምን ስመ ጥር ያደረጋት ግን እ.ኤ.አ. በ1665 የገባው ቸነፈር ነው። ከለንደን ለአንድ ልብስ ሰፊ የተላከ ጨርቅ ቁንጫ ይዞ መጣ ይባላል፤ ጨርቁን የተረከበው ጆርጅ ቪካርስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሞተ። በ1666 ጁን ግድም ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን እና በሃይማኖት አቋሙ ከሹመቱ የተነሣው ቶማስ ስታንሊ ልዩነታቸውን ትተው ሕዝቡን መከሩ፦ ማንም ከአጥቢያው እንዳይወጣ፣ የሞተውም በየደጁ እንዲቀበር። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ ኩክሌት ዴልፍ በሚባለው ሸለቆ፣ ሜዳ ላይ ሆነ። ሁለቱ ቄሶች ይመሰገናሉ፤ ይገባቸዋልም። ሞት ደጁ ቆሞ ሳለ ከቤቱ ያልወጣው ገበሬና ማዕድን ቆፋሪም ከእነሱ እኩል ሊነሣ ይገባል።

ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ያለው የወሰን ድንጋይ ስድስት ጉድጓዶች አሉት። የኢም ሰዎች ገንዘቡን፣ በሽታውን ያነጻል ተብሎ አቼቶ በተሞሉት ጉድጓዶች ውስጥ ያኖሩና ይሄዱ ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ደግሞ እህሉን አስቀምጠው ሳንቲሙን ይወስዱ ነበር። ዛሬ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ለስልሷል።

በ1666 ኦገስት ኤልዛቤት ሃንኮክ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ በገዛ እጇ ቀበረች፤ መቃብሮቹ በክብ የድንጋይ አጥር ተከበው አሁንም አሉ። የሞምፔሰን ሚስት ካትሪንም ልጆቿን አስቀድማ አሽሽታ ከባሏ ጋር ቀረች፤ በዚያው ወር ሞተች። ቸነፈሩ በኖቬምበር ቆመ። የሟቾቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 260 ይባላል። የነዋሪው ብዛት ግን አከራካሪ ነው፤ የቀደሙት ጸሐፊዎች 350 ሲሉ፣ የኋለኞቹ ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል።

ኢም ሆል የተባለው መኖሪያ ከቸነፈሩ በኋላ በዚያው ክፍለ ዘመን ተሠራ። የእርሳስ ቁፋሮውም ኋላ ቆሟል።

በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ለሟቾቹ መታሰቢያ ጸሎት ይደረጋል። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሰዎች እርጥብ ሸክላ በተለቀለቀ ሰሌዳ ላይ የአበባ ቅጠል አንድ በአንድ እየተከሉ ሥዕል ይሠሩና በውኃ መቅጃዎቹ አጠገብ ያቆሙታል።