በግለት የሚመጣ የፍሬን ድካም ምንድን ነው?

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና አልቆም ባለ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል። አሮጌ ስፖርት መኪና ለውድድር ሜዳ የሚያዘጋጀውም ይህን ሰምቶ «ትልቅ የፍሬን ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራ የሚጫነውን ብረት) ካስገጠምኩ ምን ያሰጋኛል?» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፤ ፍሬኑ ግሎ ነው።

ፔዳሉ ደርቆ መኪናው ካልያዘ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ላልቶ ወለል ከነካ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ ግፊትህ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ጋ አይደርስም። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ በጊዜ ብዛት 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ ግን የመፍያው መነሻ 155 ነው። ዘይቱን ለዓመታት ሳይቀይር ስለ ዲስክ የሚከራከር ሰው ይገርማል።

ዲስክ ምጣድ ነው። ወፍራም ምጣድ ለመጋል ይዘገያል እንጂ እሳቱ ካልቆመ መጋሉ አይቀርም፤ አንዴ ከጋለም ቶሎ አይበርድም። እንዲበርድ ተብሎ የተበሳው ዲስክም ቢሆን ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። 1 ቶን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 9.8 ሜጋ ጁል ይለቃል፤ ሜዳ ላይ ከ160 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀንስ ደግሞ 0.85 ገደማ። በከባድ ማርሽ ከወረድክ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል፤ በነጻ ከለቀቅከው ግን ከነፋስና ከጎማ የተረፈው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ አየሩም ከአራቱም ጎማ ይውጣ (ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ፣ ያለው መኪና የራሱ ቅደም ተከተል አለው)። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ሌላ ነው፣ ሲሊኮን አይደለም። ቀጥሎ ግለት የሚችል ሸራ። የውድድር ሸራ ግን ሳይሞቅ አይነክስም፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ያስደነግጥሃል። ከዚያ ከፊት መከላከያ ወደ ዲስኩ መሃል ነፋስ የሚወስድ ቱቦ።

ዲስክና ካሊፐር የመጨረሻው ነው። የካሊፐሩ ፒስተን ሰፍቶ ማስተሩ (ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበት ሲሊንደር) የድሮው ከሆነ የፔዳሉ ጉዞ ይረዝማል፤ የፊቱ ብቻ ከበረታም የኋላው ድርሻውን ሳይሠራ ፊቱ ቀድሞ ይቆለፋል። ቸርኬው ካሊፐሩን ማስገባቱንም ሳትለካ አትግዛ።

ውድድር ሜዳ ላይ ፍሬኑ ከጋለብህ አንድ ዙር ፍሬን ሳታበዛ ቀስ ብለህ ንዳ። ስታቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ በማርሽ ያዘው፣ ድንጋይም አስደግፍ። ውሃ አትድፋበት፤ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል።