ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ምንድን ነው? ማናዘዝ ግን አይደለም

አንድ ቦታ አደጋ በደረሰ ቁጥር የምትዞር ጽሑፍ አለች። «ተጎጂዎች በ72 ሰዓት ውስጥ ያዩትን ሁሉ አውጥተው ካልተናገሩ ትራውማው ውስጣቸው ይቀራል። ቶሎ ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጣቸው» ትላለች። ሰሞኑን ያየኋት ደግሞ ብሳ መጥታለች። ጸሐፊው የሁለት ቀን ሥልጠና የጨረሱ በጎ ፈቃደኞችን «የትራውማ ቴራፒስቶች» ብሎ ሾሟቸዋል። የአደጋ ጊዜ የአእምሮ ጤናን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አስተምራለሁና ይቺን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ሕክምና አይደለም። የምክር አገልግሎትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዋር ትራውማ ፋውንዴሽንና ከወርልድ ቪዥን ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመስክ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጨርሰዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። የሚሰጠውም አስተማሪ፣ ፖሊስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል። ተጎጂው የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲተርክ መገፋፋት ግን እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም መመሪያው «አትጫኑት» ነው የሚለው።

ብዙዎች የሚስቱት «ማዳመጥ» ላይ ነው። ሰውየው ማውራት ከፈለገ ጆሮ ትሰጡታላችሁ። ካልፈለገ አጠገቡ ትቀመጣላችሁ፣ ውሃ ታቀብሉታላችሁ። «መጀመሪያ ማን ሲወድቅ አየህ? ያኔ ምን ተሰማህ?» አይባልም። ጸሐፊያችን ዝም ያለን ሰው ሁሉ የታመመ አድርጎ ነው የሚያየው። ዝምታ ግን ለብዙ ሰው የዚያን ቀን መቆሚያው ነው።

እስቲ በዚህ እንየው። አንድ ሰው ከገደል ወድቆ እግሩን ይዞ ሲጮህ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ? እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ትደግፋላችሁ፣ ወደሚታከምበት ታደርሱታላችሁ። አጥንት መግጠም የወጌሻ ነው። ጸሐፊያችን የሚለው ግን «የደረሰ ሁሉ ወጌሻ ይሁን፣ እግሩን የያዘውንም ሁሉ ይሳበው» ነው። ከወደቁት አብዛኞቹ ደግሞ አልተሰበሩም። እግራቸው አብጧል፣ ያማል፣ ሌሊት አያስተኛም። በጊዜ ግን እብጠቱ ይጎድላል። ያበጠን እግር ወጌሻ ነኝ ባይ ሁሉ ሲጎትተው ነው ነገር የሚበላሸው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ ስብራት በዕለቱ በራጅ ይታያል። ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ (PTSD) የሚባለው የአእምሮ ሕመም ግን ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ካልቆዩ ስሙም አይሰጠውም። አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን «ፒቲኤስዲ ይዟቸዋል» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ ያልተነሣ ራጅ እያነበበ ነው።

የማስወራቱ ሐሳብ ከየት መጣ? ከአደጋ በኋላ ሰው ያየውንና የተሰማውን እንዲተርክ ከሚያደርገው፣ «ዲብሪፊንግ» ከሚባለው ነው። ጄፍሪ ሚቼል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ዘዴ ነው፤ ያሰበውም አብረው ለሚሠሩ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ነበር፣ በቡድን። ከዚያ ተነሥቶ ለማንኛውም ተጎጂ፣ አንድ ለአንድ፣ አንዴ ብቻ ይሰጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1997 በዌልስ በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከ13 ወር በኋላ ዲብሪፊንግ ካገኙት 26 በመቶው ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። ካላገኙት ደግሞ 9 በመቶው። ለፍትሕ ያህል ልጨምር፦ ያገኙት ሰዎች ከመጀመሪያውም ጉዳታቸው ከበድ ያለ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በዲብሪፊንጉ ላይ መደፍደፍ አይቻልም። ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲገመገሙ ግን ጥቅም ሳይገኝለት ቀረ። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ መመሪያዎች አትስጡት ይላሉ።

«የእናንተውስ ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ሕመም ይከላከላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። የምንሰጠው ሰው ያለበትን ችግር ስለሚያቃልልና ጉዳት ስለማያደርስ ነው። ከዚህ በላይ የሚሸጥላችሁን አትግዙት።

72 ሰዓት የምትለዋ ነገርማ በጣም ታናድደኛለች። በእኛ ሥራ 72 ሰዓት ሞትና ሕይወት የሚሆንበት ቦታ አለ። የተደፈረች ሴት ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። ያቺን ሴት ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ታሪኳን ሲያስተርክ የሚውል ሰው ሰዓቷን እየበላባት ነው። የሚያስፈልጋት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳትና ምስጢሯን የሚጠብቅላት ሰው ነው። ይኼ «ማገናኘት» ይባላል።

«ማየት»ም ቢሆን ፊት እያዩ «ይህ ሰው ደንግጧል» ማለት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው መሬቱ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሌላ ናዳ ደረሰባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሮጡትን ለመውቀስ አይደለም፤ ማን አይሮጥም? ሠልጥኖ ለሚሄድ ሰው ግን «ቦታው አሁን ያስቆማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል።

ማገናኘት ላይ እኛ ከማንም የማናንስ ነን። መርዶ በወጉ እንናገራለን፤ በጠዋት፣ የቅርብ ዘመድ ባለበት። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ሰው አብሮ ያድራል። ኀዘንተኛውን ማንም አያዋክበውም፤ ያሻው ሲያለቅስ ያሻው ዝም ይላል። ስለዚህ የውጭ ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ የዕድሩን ዳኛ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ግን ይኼንንም አናጋንነው። የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ዕድሩ ራሱ ተበትኗል። መንደሩ እንዲያውቅባት የማትፈልገው ሴትም አለች። «ማኅበረሰቡ ይይዛቸዋል» ብሎ መሄድ አንዳንዴ ሰው ጥሎ መሄድ ነው።

«ታዲያ እናንተ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀኝም አይጠፋም። ጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የሌሎች ረጂዎች የጋራ መመሪያ ሥራውን በአራት እርከን ያስቀምጠዋል። ከታች ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት። ከዚያ ቤተሰብና ማኅበረሰብ። ከዚያ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው ሠራተኞች የሚሰጡት ድጋፍ። ጫፉ ላይ ስፔሻሊስት። ተማሪዎቼ የሚለፉት ሦስተኛው እርከን እንዳይወድቅ ነው። መጠይቅ በየቋንቋው ፈትሾ ማዘጋጀት፣ ሠራተኛ መከታተል፣ ማን ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት መለየት። ካሜራ የሚጠራ ሥራ አይደለም።

የጫፉን እርከን፣ ስፔሻሊስቱን የሚፈልጉትንም እንዳልረሳ። አደጋ ሲመጣ ትራውማ ትራውማ ሲባል፣ ቀድሞውንም በከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ የነበረውን ሰው የሚያስታውሰው የለም። ጤና ጣቢያው ሲዘረፍ ወይም መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ ይቋረጥበታል፣ ሕመሙ ያገረሽበታል፣ ሰው ደግሞ «አደጋው አሳበደው» ይላል። እሱን በማስወራት አትረዱትም። ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ስም ጠይቁና የሚገኝበትን ፈልጉለት።